«ኮዳ ኢኩዋይና»፦ ጅራት ወይስ ጭራ?

ሰሞኑን የወገብ ሕመም የሚያስቸግረው የአክስቴ ልጅ የኤምአርአይ ውጤቱን ይዞ ቤት መጣ። ጣቱን «ኮዳ ኢኩዋይና» በሚል ቃል ላይ አሳርፎ፣ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» አለኝ። በሽታስ አይደለም፤ ሁላችንም ያለን የአካል ክፍል ነው።

ቃሉ ላቲን ነው። «ካውዳ» ጅራት፣ «ኤኩዊና» ደግሞ የፈረስ ማለት ነው። ሙዚቀኞች የዜማን መዝጊያ «ኮዳ» የሚሉት፣ ሐኪሞችም ወደ ታችኛው የሰውነት ጫፍ ያለውን አቅጣጫ «ኮዳል» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው።

ሕብለ ሰረሰር እስከ መቀመጫችን የሚወርድ ይመስለናል። በአዋቂ ሰው ላይ ግን የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት አካባቢ ነው። ፅንስ 3 ወር ካለፈው በኋላ አከርካሪው ከሕብለ ሰረሰሩ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ሕብለ ሰረሰሩ ወደ ላይ ይቀራል። ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚሄዱት የነርቭ ሥሮች መውጫቸው ታች ነውና እየረዘሙ በፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ሐኪሞች ከጀርባ ውኃ ሲቀዱ መርፌውን ዝቅ አድርገው የሚያስገቡትም ለዚህ ነው፤ ተንሳፋፊዎቹ ክሮች ከመርፌው ገሸሽ ይላሉ።

ስሙ የወጣው ከእነዚህ ክሮች መልክ ነው። እኔ ታዲያ በአማርኛ «የፈረስ ጅራት» ከማለት «የፈረስ ጭራ» ማለቱን እመርጣለሁ። ጅራት አጥንትም ሥጋም አለው፤ ጭራ ግን ዝንብ የምናባርርበት፣ የማሲንቆ ክር የሚሠራበት ፀጉር ነው። ላቲኑ ይህን አይለይም። የሚገርመው፣ የእውነተኛው ጅራት ቅሪት የሆነችው የአከርካሪያችን መጨረሻ አጥንት የተሰየመችው በወፍ ነው። «ኮክሲክስ» የኩኩ ወፍ የግሪክ ስም ነው፤ አጥንቷ የወፏን መንቁር ስለምትመስል።

የተንሸራተተ ዲስክ ጭራውን አጥብቆ ሲጫነው ግን ጉዳዩ የቋንቋ መሆኑ ይቀራል። ሽንት እምቢ ይላል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል፤ እግር ይዝላል፤ በፈረስ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው የሰውነት ክፍል ይደነዝዛል። ሐኪሞችም ይህንኑ የኮርቻ መደንዘዝ ይሉታል። እንዲህ የሆነ ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ፊኛው እስከ መጨረሻው ላይታዘዘው ይችላል።

የአክስቴን ልጅ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። አንዱም የለበትም። በውጤቱ ላይ ከቃሉ ቀጥሎ የተጻፈውም «ጤናማ» የሚል ነበር።