የአውግስጢኖስ ማዕድና የመጽሐፍ ሥራ

መጽሐፍ የሚጻፈው በተዘጋ ቤት፤ በብቸኝነት መብራት ነው ብለው ብዙ ሰዎች ያስባሉ። የቀድሞ አባቶችን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን አንዳንድ ታላላቅ መጻሕፍት በማዕድ ዙሪያ እንደ ተፀነሱ፤ ጸሐፊዎቻቸውም ቃላቸውን አብረዋቸው በሚበሉ ሰዎች ፊት እየፈተኑ እንደ ሠሩ ያገኛል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሕይወት ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር፤ በታጋስቴ ከተማ ተወለደ። በቀርታግና፤ በሮምና በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ኾኖ እጅግ ተመሰገነ። በ386 ዓ.ም. ልቡ ወደ እግዚአብሔር በተመለሰ ጊዜ ግን የመምህርነቱን ወንበር ትቶ፤ ቬሬኩንዶስ የተባለ ወዳጁ በሰጠው ካሲኪያኩም በሚባል የገጠር ቤት ከእናቱ ከሞኒካ፤ ከወንድሙ፤ ከልጁ፤ ከዘመዶቹና ከሁለት ተማሪዎቹ ጋራ ተቀመጠ። የሚነጋገሩትንም ኹሉ አንድ ጸሐፊ በአጭር ምልክት እየፈጠነ ይጽፍ ነበር።

ኖቬምበር 13 ቀን አውግስጢኖስ የተወለደበት ዕለት ስለ ነበረ፤ የማንንም አእምሮ የማያከብድ ቀላል ምሳ ተበላ። ከምሳውም በኋላ በመታጠቢያው ቤት ተሰብስበው ሳሉ፤ ሥጋ ምግብ እንደሚያሻው ነፍስም የራስዋ ምግብ ይኖራት እንደ ኾነ ጠየቃቸው። ሞኒካ የነፍስ ምግብ ማስተዋልና ዕውቀት እንደ ኾነ መለሰች። ትሪጌጢዮስ የሚባለው ተማሪ ሲጠራጠር የዚያኑ ቀን ምሳ አስታወሰችው፤ ልቡ በሌላ ሐሳብ ተይዞ ስለ ነበረ ከየትኛው ሳሕን ይበሉ እንደ ነበረ ያስተዋለው ምሳው ከተጋመሰ በኋላ መኾኑን እርሱ ራሱ ተናግሮ ነበርና። እጁና ጥርሱ ከሥራቸው ሳይቦዝኑ ነፍሱ በሌላ ማዕድ ትመገብ ነበረች ማለቷ ነው። ይህ ንግግር እስከ ሦስተኛው ቀን ቀጠለ፤ ስለ ብፅዕት ሕይወት የተጻፈው መጽሐፍም ከዚህ ተገኘ።

በሌላ ቀን ሞኒካ ወደሚነጋገሩበት ገብታ ነገሩ ከምን እንደ ደረሰ በጠየቀች ጊዜ፤ አውግስጢኖስ መግባቷና ጥያቄዋ እንዲጻፍ አዘዘ። እርስዋ ግን እነርሱ በሚያነቡአቸው መጻሕፍት ሴቶች ወደዚህ ዐይነት ክርክር ሲገቡ ሰምታ ስለማታውቅ ተገረመች። ልጇም በጥንት ዘመን ሴቶች ፍልስፍናን እንደ ተማሩ ነገራት፤ የእርስዋም ጥበብ እጅግ ደስ እንደሚያሰኘው መሰከረላት። ከቤት ማዕድ የተገኘው ጥበብ ከሊቃውንት ጥበብ ጋራ በአንድ ብራና እንዲቀመጥ ፈቀደ።

ሁለተኛው ተማሪ ሊኬንጢዮስ ግጥም እጅግ ይወድ ነበር። የዚያ ቤት ምሳ ከማጠሩ የተነሣ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ እንደ ነበረ አውግስጢኖስ በቀልድ ጽፏል፤ ሊኬንጢዮስ ግን ያንኑም ሳይጨርስ፤ አንዳች ሳይጠጣ፤ ተሰውሮ ወጥቶ ግጥም ሲያወጣ ተገኘ። መምህሩም እንዲህ ያለው ፍቅር የሚለቀው ሥራውን ፈጽሞ እስኪሰለች ድረስ ሲጠግበው እንደ ኾነ ነገረው።

ከዚህ የሚከብድ ነገር ደግሞ በመካከላቸው ተነሣ። ትሪጌጢዮስ በክርክር ያልተጠነቀቀበት ቃል ከአፉ ወጥቶ ኖሮ እንዳይጻፍበት ፈለገ፤ ሊኬንጢዮስ ግን የባልንጀራው ስሕተት በጽሑፍ እንዲቀር አጥብቆ ተሟገተ። አውግስጢኖስ ሊኬንጢዮስን በገሠጸው ጊዜ ትሪጌጢዮስ በባልንጀራው ዕፍረት ሳቀ። መምህሩም ሁለቱን በአንድ በሽታ ተይዘው አገኛቸው፤ አንዱ ስሙ እንዳይጐድፍ፤ ሌላው በጓደኛው ውርደት ስሙ እንዲከብር ይሻ ነበርና። እንባ እስኪተናነቀው ድረስም ዐዘነ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ አስቀድሞ ይጻፍ ያለው ሊኬንጢዮስ ኹሉ ይፋቅ ብሎ ለመነ፤ አስቀድሞ አይጻፍ ያለው ትሪጌጢዮስ ደግሞ የምትስባቸው ዝና በገዛ ጅራፏ ገርፋ ከፍቅሯ እንድታርቃቸው ቅጣታቸው ተጽፎ ይቅር አለ። እንዲሁም ኾነ።

አውግስጢኖስ በ387 ዓ.ም. በሚላኖ ተጠመቀ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በ391 ዓ.ም. በሂፖ ከተማ ቄስ፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ጳጳስ ኾነ። አርባ ዓመት ያህል ያወቀው የካላማ ጳጳስ ጶሲዲዮስ ማዕዱ እንዴት እንደ ነበረ ጽፎልናል። ምግቡ ጐመንና ጥራጥሬ ነበረ፤ ለእንግዳና ለበሽተኛ ሥጋ ይቀርብ ነበር። ማንኪያው የብር፤ ሌላው ዕቃ የሸክላ፤ የእንጨት ወይም የእምነ በረድ ነበረ። የወይን ጠጁ ጽዋ በቍጥር የተወሰነ ነበረና፤ በንግግሩ መካከል የማለ ሰው ከድርሻው አንድ ጽዋ ይቀነስበት ነበር። አውግስጢኖስ በማዕድ ላይ ከመብልና ከመጠጥ ይልቅ ንባብና ጭውውት ይወድ ነበር። በሌለ ሰው ላይ ሐሜት እንዳይነገርም የሚከለክል ግጥም በገበታው ላይ አስጽፎ ነበር። አንድ ቀን ወዳጆቹ የኾኑ ጳጳሳት ይህን ረስተው ሲያሙ ቢሰማ፤ ወይ ግጥሙ ከገበታው ይፋቅ፤ ወይም እኔ ከምሳው መካከል ተነሥቼ ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ ብሎ ገሠጻቸው። የተጻፈ ቃል የማይጠበቅ ከኾነ መፋቁ ይሻላል ማለቱ ነው።

በዚሁ ማዕድ ስለ ቃል ሥራ ከተነገሩት ኹሉ የሚበልጠው የሚከተለው ነው። አንድ ቀን ተቀምጠው ሲበሉ አውግስጢኖስ በዚያ ዕለት የሰበከውን ስብከት አስተውለው እንደ ኾነ ጠየቃቸው፤ የጀመረውን ነገር ሳይፈጽም ከልማዱ ውጭ ወደ ሌላ ነገር ወጥቶ ነበርና። እነርሱም አስተውለው እንደ ተደነቁ ነገሩት። እርሱ ግን ምናልባት እግዚአብሔር በመርሳቱና በመሳቱ በኩል በሕዝቡ መካከል ያለ የተሳሳተ ሰው ሊፈውስ ወድዶ እንደ ኾነ ተናገረ፤ ከመንገዱ ወጥቶ የተናገረው የማኒን ተከታዮች ስሕተት የሚነቅፍ ነበረና። አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳያልፍ ፊርሞስ የተባለ ነጋዴ መጥቶ በእግሩ ሥር ወደቀ፤ ብዙ ዓመት በማኒ ትምህርት ኖሮ ገንዘቡን ለእነርሱ እንዳፈሰሰ፤ ያን ስብከት ሰምቶም እንደ ተመለሰ አለቀሰ። በየትኛው ቃል እንደ ተመለሰ ቢጠይቁት፤ በማዕድ የተነጋገሩበትን ያንኑ ክፍል ተናገረ። ይህ ሰው በኋላ ንግዱን ትቶ ቄስ ኾነ። ተናጋሪው ጕድለት አድርጎ የቈጠረው ነገር ለአንድ ነፍስ እንጀራ ኾኖ ተገኘ።

አውግስጢኖስ በ426 እና በ427 ዓ.ም. ግድም፤ ሲያረጅ፤ የጻፋቸውን 93 ሥራዎች በ232 መጻሕፍት ዘርዝሮ ያልወደደውን እየነቀፈ ክለሳ ጻፈ። በካሲኪያኩም ያሉት መጻሕፍት አልቀሩለትም፤ የዕድልን ስም አብዝቶ እንደ ጠራ፤ ስለ ብፅዕት ሕይወት የጻፈውን መጽሐፍ የላከለትንም ሰው ከሚገባው በላይ እንዳመሰገነ ዐምኖ ጻፈ። ለወጣቶቹ ተማሪዎቹ በእንባ ያስተማረውን ሕግ በገዛ እጁ ፈጸመው።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከብበው ሳሉ ዐረፈ። የሚናዘዘው ገንዘብ ስላልነበረው ኑዛዜ አልተወም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ለሚመጣው ትውልድ በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ግን ያዝዝ ነበር። ከእነዚያም መጻሕፍት መካከል የእናቱ ጥያቄ፤ የሁለቱ ወጣቶች ዕፍረትና የራሱም ስሕተት ሳይፋቁ እስከ ዛሬ ይነበባሉ።