ዘመነ ትምህርት፣ በዩኒቨርሲቲ

በየዓመቱ በሴኔት ጸድቆ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የሚታወጅ፣ የምዝገባን፣ የፈተናንና የምረቃን ዕለታት የሚወስን ሥርዓተ ጊዜ ነው። በመሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃን ለፈጸመ የመንዝ ወጣት ይህ ዘመን የሚከፈተው ትምህርት ሚኒስቴር ምደባውን ገልጦ፣ ዩኒቨርሲቲው የጥሪውን ቀን ባወጣ ጊዜ ነው። ጥሪው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዞ መቅረብን ያዝዛልና፣ እናቱ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና አጣጥፋ ታስይዘዋለች፤ እርሱም በሞላሌና በመዘዞ አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ምደባው በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ወደ ጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ የደሴውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ደቡብ ይታጠፋል።

ዘመኑ በልማድ ከመስከረም ወይም ከጥቅምት እስከ ሰኔ ሲዘልቅ፣ በሁለት መንፈቀ ዓመት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም 16 ሳምንት ያህል ነው። ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው የምዝገባ ቀን ነው፤ ያሳለፈው በቅጣት ይመዘገባል፣ የቅጣቱም ጊዜ ካለፈ ዓመቱን ሊያጣ ይችላልና፣ ጥሪው ለሩቁ ደገኛ አስቀድሞ እንዲደርሰው ማድረግ የፍትሕ ግዴታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተመራቂው የመውጫ ፈተና ዕለትም ተጨምሮበታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መንዝ ወዳለበት ሰሜን ሸዋ ሲደርስ፣ የቀኖቹ ሥርዓት ተናግቶ፣ መስከረም የነበረው መግቢያ ወደ ኋለኞቹ ወራት ተገፋ።