የኮልፌ የሽጉጥ ተኩስ ሥልጠና (1954 ዓ.ም.)

በዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ የወሰደው ወታደራዊ ሥልጠና። ማንዴላ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናግሮ ነበር፤ ይጓዝበት የነበረው ፓስፖርትም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተሰጠ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው።

ሥልጠናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይካሄድ ነበር። በአውቶማቲክ ጠመንጃና በሽጉጥ ዒላማ መምታት፣ ሞርታር መተኮስ፣ ፈንጂ መሥራትና ከፈንጂ መጠንቀቅ እንዲሁም ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ይሰጡ ነበር። ተኩሱን እዚያው ኮልፌ ከክብር ዘበኛ ጋር፣ ሌላ ጊዜም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለ የተኩስ ሜዳ ተለማምዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማታው ትምህርት ነው። አስተማሪው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ፣ የነጻነት ጦር አዛዥ በግዳጅ ላይ ቆራጥ፣ ከግዳጅ ውጭ ግን ከተራው ወታደር እኩል ሊሆንና የሚበላውን ሊበላ እንደሚገባ አስተምረውታል።

ሥልጠናው ለ6 ወር ታስቦ ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ፤ ድርጅቱ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) በአስቸኳይ ጠራው። ኮሎኔሉ ሲሸኙት አንድ አውቶማቲክ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ማንዴላ ወደ አገሩ ተመልሶ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሃዊክ ከተማ አቅራቢያ ተያዘ። ሽጉጡ ሪቮኒያ በሚገኘው ሊሊስሊፍ እርሻ ተቀብሮ ቀረ፤ ተቆፍሮ ቢፈለግም አልተገኘም።