ልኩ ያልታወቀ ጥይት፦ የጌዴኦን የነፍጥ ዘመን እንደገና ስናነበው

ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘመቻና ስለ ገባር ሥርዓት በሚጻፉ ታሪኮች ውስጥ ጠመንጃ የሚጠቀሰው በቁጥር ነው። እገሌ የተባለው መኮንን ይህን ያህል ሺህ ነፍጥ አሰልፏል፣ ይህን ያህል ማርኳል ይባልና ኃይል ከዚያው ቁጥር ይገመታል። ጠመንጃ ግን ልኩን የሚያውቅ ጥይት ካላገኘ ተራ ብረት ነው። በጌዴኦ ከ1887 ዓ.ም. ገደማ እስከ ጣሊያን ወረራ የዘለቀው የነፍጥ አገዛዝ ጉልበቱን ያገኘው አነጣጥሮ ከመምታት አልነበረም። ጠመንጃው ይልቁንም የማዕረግ፣ የንብረትና የማስፈራሪያ ዕቃ ነበር። ለዚህ አንዱ ዋና ምክንያት ጥይቱ የተደባለቀ፣ በልክ ያልተለየና እንደ ብር የሚቆጠብ መሆኑ ነው። ይህን ነጥብ ካልያዝን በዲላና በዙሪያዋ ገበሬውና ባለነፍጡ የነበራቸውን ግንኙነትም በትክክል አንረዳውም።

በመጀመሪያ ልክ ለምን ወሳኝ እንደሆነ እንመልከት። አንድ ጥይት ከቀለህ፣ ከባሩድ፣ እሳቱን ከሚጭረው ትንሽ ክዳንና ከእርሳሱ የተሠራ ነው፤ በአፈሙዙ በኩል ወጥቶ ዒላማው ጋ የሚደርሰው እርሳሱ ብቻ ነው። እርሳሱ ከበርሜሉ ከሰፋ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይጨምራል፤ ከጠበበ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ እርሳሱም በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ይዞ በደንብ አይሽከረከርም። ባሩዱ እኩል ሆኖ የእርሳሱ ክብደት ከተለያየ ፍጥነቱ ይለያያል፤ አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ብሎ ያርፋል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጥ እርሳስ ከተለያዩ ማሽኖች ወጥቶ በአንድ ሣጥን ሊታሸግ ስለሚችል፣ ጥንቁቅ ዒላማ ተኳሾች እያንዳንዱን በሚዛን ይመዝኑታል፣ ርዝመቱን በካሊፐር ይለኩታል፣ ከዚያም የሚመሳሰሉትን በየወገናቸው ይለያሉ። እንዲህ በማድረግ ርካሹ ጥይት ውድ አይሆንም፤ ግን የሚቀጥለው ተኩስ ከቀደመው አጠገብ እንደሚያርፍ የተሻለ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። የማነጣጠር መሠረቱ የጥይቱ አንድ ዓይነትነት ነው።

በአድዋ ዘመን በኢትዮጵያ ወታደር እጅ የነበረው መሣሪያ ከዚህ እጅግ የራቀ ነበር። የእንግሊዙ ስናድር 14.7 ሚሊ ሜትር፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ 11፣ የጣሊያኑ ወጨፎ 10.4፣ አዲሱ የፈረንሳይ ለበን ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ነበር። አንዱ ጥይቱን ቢጨርስ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ዝናር ሊበደር አይችልም ነበር። ይህ ልዩነት ቢያንስ በዓይን ይታያል። በኋላ እየተጨመረ የመጣው የማይታይ ልዩነት ግን ከዚህም የባሰ ነበር። ለበን መጀመሪያ ሲሠራ እርሳሱ 15 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በኋላ ለዚያው ጠመንጃ የተሠራው እርሳስ 12.8 ግራም ሆነ። የጀርመኑ 8 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ በ1897 ዓ.ም. ገደማ ሲሻሻል የእርሳሱ ውፍረት ከ8.1 ወደ 8.2 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ክብደቱ ግን ከ14.7 ወደ 10 ግራም ገደማ ወረደ። ቀለሁ ግን እንዳለ ቀረ። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ዝናር ቢገቡ በዚያው ጠመንጃና በዚያው ተኳሽ እጅ የተለያየ ቦታ ይመታሉ፤ አዲሱ እርሳስ በአሮጌው በርሜል ሲተኮስ ደግሞ ለተኳሹም አደገኛ ነው።

በዚህ ላይ ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር የማርያ ቴሬዛ ብር መመንዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሻጭና ገዢ ጥይቱን የሚቀባበሉት እየቆጠሩ እንጂ እየመዘኑ አልነበረም። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም ነበር፤ በእጅ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮለት እንደገና ይሞላ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ በእጅ የተሞላ ጥይት ከፋብሪካው ይልቅ እርስ በርሱ ይለያያል። ሁለተኛው፣ መተኮስ ገንዘብ ማጥፋት ስለሚሆን ልምምድ ይጠፋል። ጥይቱን በየወገኑ ለመለየት የሚያስፈልገው ሙከራ፣ ማለትም ተኩሶ የት እንዳረፈ ማየት፣ ራሱ የማይገፋ ወጪ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፦ አድዋ የተገኘው በዚያው ድብልቅ መሣሪያ አይደለምን? የሰው እጅ መንቀጥቀጥና የርቀት ግምት ስሕተትስ ከጥቂት ግራም አይበልጥምን? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በ1888 ዓ.ም. ድሉን ያስገኙት የሠራዊቱ ብዛት፣ የአመራሩ ብስለት፣ የመሬቱ አቀማመጥና የወታደሩ ጀግንነት ናቸው፤ በቅርብ ርቀት በብዛት ሲተኮስ የጥይት መለያየት ብዙም አይጎዳም። እኔ የምከራከረው ድብልቅ መሣሪያ አያሸንፍም ብዬ አይደለም። የምለው፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአንድ ቀን ታላቅ ውጊያ ሊበቃ ይችላል፤ ለ40 ዓመት አገር ለማስተዳደር ግን እንደ ትክክለኛ መምቻ መሣሪያ አያገለግልም ነው። ስለዚህ ሌላ አገልግሎት ያዘ።

ያ አገልግሎት በጌዴኦ በግልጽ ይታያል። ባለነፍጡ ገባር የሚመደብለት በማዕረጉ ልክ ነበር፤ ገባሩ ቡናውን፣ ማሩንና ጉልበቱን የሚያቀርበው በየቀኑ ስለሚተኮስበት ሳይሆን ጠመንጃ በአንድ ወገን ብቻ ስለነበረ ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ተቃርኖ አለ። መሬቱ በቀላድ ሲለካ ገመድ ተዘርግቶ፣ ጋሻው ተቆጥሮ፣ ግብሩ ተተምኗል። አገዛዙ መለካት ሳይችል ቀርቶ አልነበረም፤ የለካው ገቢ የሚያስገኝለትን ነው። ቁጥር ብቻውን ኃይል እንዳልሆነ ደግሞ ጌዴኦን ጭምር ያስተዳድሩ የነበሩት የሲዳሞው ገዢ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መጨረሻ ያስረዳል። በአድዋ በመድፈኛነታቸው ስማቸው የገነነው ባልቻ በ1920 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠር ባለነፍጥ አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ቢመጡም፣ ጦራቸው በገንዘብና በብልሃት ያለ ውጊያ ተበተነባቸው። ነፍጡን ያሰለፈው ጥቅም ነበር፤ ጥቅሙ ሲቋረጥ ነፍጡም ተበተነ።

ጥይቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ መንግሥት አልሞከረም ማለት ግን ስሕተት ነው። ችግሩ በከፊል ከውጭ የመጣ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል የመሣሪያ ዝውውርን ለመቆጣጠር ያለመ ነበር፤ ኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ እንድትገዛ የፈቀደው ስምምነት የመጣው ገና በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የቤልጂግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ። የክፍለ ሀገሩ ጦር ግን ከነድብልቁ ቀረ። ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ከጣሊያን ጦር ጋር ሲዋጉ ሠራዊቱን የፈቱት አውሮፕላን፣ መትረየስና የስንቅ እጦት ናቸው። ቢሆንም ያ ጦር ጥይት ሲያልቅበት አንዱ ለሌላው የሚያካፍለው አንድ ዓይነት አቅርቦት አልነበረውም።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ የእንግሊዝ 7.7 ሚሊ ሜትር፣ ከግንቦት 1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ስምምነት በኋላም 7.62 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች ወደ ሠራዊቱ ገቡ። አንድ ዓይነት ጥይት፣ በአንድ መጋዘን፣ ለሠለጠነ ወታደር ቀረበ። የጌዴኦ ገበሬ በ1952 ዓ.ም. በቡናው ላይ የተጣለበትን ድርሻ ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ፣ ሚጪሌ በተባለው ስፍራ በአመዛኙ ጦር ይዞ ነበር የቆመው። ከእሱ ማዶ ያለው የመንግሥት ኃይል ግን የአያቶቹ ዘመን ነፍጥ አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው የመሣሪያ ልዩነት ከ1887 ዓ.ም. ይልቅ በ1952 ዓ.ም. ሰፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። የጠመንጃ ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ታሪክ ይህን ልዩነት አያየውም፤ ሁለቱንም ዘመን “ነፍጥ በጦር ላይ” ብሎ ያልፈዋል። የገበሬውን ድፍረት በትክክለኛ ክብደቱ የምናውቀው ፊት ለፊቱ የነበረውን ጥይት ስናውቅ ነው። ስለዚህ የጌዴኦን ታሪክ የሚሰበስቡ፣ አሮጌ ጠመንጃዎችንም በቅርስነት የሚመዘግቡ ሁሉ ከባለቤቱ ስምና ከማዕረጉ ጋር የአፈሙዙን ልክና የጥይቱን ዓይነት ቢጽፉ፣ ለተዋጉትም ለተገዙትም የበለጠ ፍትሐዊ የሆነ ታሪክ ይተዉልናል።