«ወረ»

«ወረ»ን ከ«ወሬ» ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ አይዛመዱም። ቃሉ ከኦሮምኛው «ወራ» የመጣ ሲሆን ቤተሰብ፣ ወገን፣ የእገሌ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ የቦታ መጠሪያ ከመሆናቸው በፊት የሰዎች ስም ነበሩ። ይህን ማወቅ የወሎን ታሪክ ያበራል። እነዚህ በወሎ የተሰባሰቡ ቤቶች ነበሩ፣ ባለርስትና ባለፈረስ። የወረሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ ከኩታበር ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ክርስትና ተነስተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። የወሎን ጦር ይዘው በ1888 ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ነገሡ፤ በ1909 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። የወሎ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስለ አገራቸው ስም ሲጠይቁ «ወረ» ሰው መሆኑን ንገሯቸው።