ያልፈረመው ተማሪ

አንድ ተውኔት መድረክ ላይ ሳይወጣ ሊፈረድበት ይችላል? በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ይህ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1899 የዊልያም በትለር ዬትስ «ካውንቲስ ካትሊን» የተሰኘ ተውኔት በደብሊን መድረክ ላይ ታየ። ታሪኩ በረሃብ ዘመን የሚካሄድ ነው። የሰይጣን መልእክተኞች ነጋዴ መስለው ይመጡና የተራበውን ገበሬ ነፍስ በወርቅ ይገዛሉ። ባለጸጋዋ ካትሊን ሕዝቧን ለማዳን የራሷን ነፍስ ትሸጣለች። በመጨረሻ ግን ፈጣሪ የሠራችውን ሳይሆን ያሰበችውን አይቶ ይምራታል።

ከትዕይንቱ ቀደም ብሎ ፍራንክ ሂዩ ኦዶኔል የተባለ የቀድሞ የፓርላማ አባል ተውኔቱን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳትሞ በከተማው በተነ። ከተውኔቱ ቁርጥራጭ እየለቀመ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር የደራሲው እምነት አስመስሎ አቀረበ። ካርዲናል ማይክል ሎግም ተውኔቱን እንዳላነበቡ ራሳቸው እየተናገሩ፣ ተለቅሞ የቀረበውን ብቻ አይተው አወገዙት።

ቁጣው ግን ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ በደረሰው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አልቋል። በዚያ ጊዜ ሾርባ እየሰጡ ካቶሊኩን ሃይማኖቱን ለማስቀየር የሞከሩ ነበሩ። እናም ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የተወለደ ደራሲ፣ «የአየርላንድ ገበሬ በረሃብ ነፍሱን ሸጠ» የሚል ታሪክ ሲያቀርብ ያልሻረ ቁስል ነካ። ቁስሉ እውነተኛ ነበር። ፍርዱ ግን ተቆርጦ በቀረበ ማስረጃ ላይ የቆመ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ፖሊስ ባለበት፣ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ተውኔቱን በጩኸትና በፉጨት ተቃወሙ። ቀጥሎም ለጋዜጣ የሚላክ የተቃውሞ ደብዳቤ አዘጋጅተው ፊርማ አሰባሰቡ። ጓደኞቹ ሲፈርሙ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ እምቢ አለ። ተውኔቱን በዓይኑ አይቷል፤ አጨብጭቦለታልም። ተማሪው በኋላ ዓለም ያወቀው ደራሲ ጄምስ ጆይስ ነው።

ጆይስ እምቢ ያለው የዬትስ ጭፍን ደጋፊ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረገውን ማየት ይበቃል። በ1901 ያንኑ የቴአትር እንቅስቃሴ «ለመንጋው እጁን ሰጠ» በሚል መንፈስ ክፉኛ ነቀፈ፤ ዬትስንም አልማረውም። የኮሌጁ መጽሔት አላወጣም ሲለው፣ ጽሑፉን ከአንድ ጓደኛው ጽሑፍ ጋር አድርጎ በግል ወጪ 85 ቅጂ አሳተመ።

ስለዚህ ጆይስ ሂስን አልጠላም። የጠላው ሥራውን ትቶ የደራሲውን ወገን የሚመዝን፣ ከመሐል አንድ ዐረፍተ ነገር ቆርጦ በሙሉው ላይ የሚፈርድ ሂስን ነው። ዬትስን ሲያጨበጭብለትም ሲነቅፈውም በራሱ ዓይን ያየውን ይዞ ነበር።

ዛሬም የተቆረጠ ቪዲዮ ወይም ግማሽ ገጽ ተይዞ የስንቱ ስም ይጠፋል። ብዙ ሰው ስለፈረመበት ደግሞ ፍርዱ ትክክል ይመስላል። አባቶች «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት ለዚህ ነው። መቃወም መብት ነው፤ ግን መጀመሪያ ማንበብ ይቀድማል።