የእናቶቻችን ሳል ከየት መጣ? የማገዶና የጭስ ታሪክ በመንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ

ከከተማ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ራቤል ወጥተን ዘመድ ቤት ስንገባ ቀድሞ የሚቀበለን ጭስ ነው። ዓይናችን ያነባል፤ ጥቂት ተቀምጠን ‹አየር እንቀበል› ብለን እንወጣለን። እናቶቻችን ግን እዚያው ምድጃው ሥር ይቀራሉ። ያስላሉ። ብንጠይቃቸው ‹የደጋ ብርድ ነው ልጆቼ› ይሉናል። ብርዱ እውነት ነው። ሳሉ ግን ከብርድ ያለፈ ታሪክ አለው።

የመንዝ ደጋ ብዙው ክፍል 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ነው። ዛፍ እንደ ልብ አይበቅልበትም፤ የነበረውም ከብዙ ዘመን በፊት ተመናምኗል። ስለዚህ ማገዶ እዚህ አገር ሁልጊዜ ውድ ነገር ነው። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ጓሳ ነው። የመንዝ ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ‹ቄሮ› በሚባል የጋራ ደንብ ይህን መሬት ለዓመታት እየዘጉ ይጠብቁት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳን ሣር፣ ለማገዶ ቁጥቋጦ ይወስዱበታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቆየውን የመሬት ሥርዓት ሲለውጥ ቄሮም ፈረሰ። በኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ይሁን እንጂ ጓሳ ለሁሉም ቤት አይበቃም። የደጋው ሰው ኩበት ያነዳል። ወደ መርሐቤቴ ወርደን የጀማን ቆላ ብናይ ደግሞ የማሽላ አገዳ ይነዳል። ኩበትም አገዳም እንደ ደረቅ እንጨት ጠርቶ አይነድም፤ ጭሱ ይበዛል። የደጋው ቤት ደግሞ ለብርድ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱ ትንሽ ወይም ጨርሶ የሌለ። ጭሱ የሣሩን ክዳን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን እንደ ጠላት አልታየም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም በአገራችን ሁለት ምድጃዎች ተሠሩ። አንዱ ለከሰል የሚሆነው ‹ላቀች›፣ ሌላው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ‹ምርጥ› ነው። ምርጥ እሳቱን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፦ ያኔ ዋናው ጭንቀት የደኑ ማለቅ ነበር። የተቆጠረው የዳነው እንጨት እንጂ የዳነው ሳንባ አልነበረም።

ሳንባው ሲቆጠር ምን ተገኘ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በጭሱ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይለዩ ብናኞች ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባሉ። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በእናቶች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የዓይን ሞራ ያስከትላሉ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ሥር የሚውል ሕፃን የሚተነፍሰው እናቱ የምትተነፍሰውን ነው።

እኛ የከተማ ልጆችም አንዘናጋ። የከሰል ፍም ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤት ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት ሕይወት ያጠፋል።

እንግዲህ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ስኳርና ሳሙና ብቻ ይዘን አንሂድ። ገንዘብ አዋጥተን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ እናሠራላቸው። ማድቤቱን ከመኝታው እንለይ፣ ከምድጃው በላይ መውጫ ቀዳዳ እናብጅ፣ ማገዶው ደርቆ እንዲነድ እናድርግ፣ ሕፃናቱን ከጭሱ እናርቅ። ሳሉ ሳምንታት ከቆየ ‹ብርድ ነው› ብለን ሳናልፍ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።

ያነበባችሁ ለወንድም እህቶቻችሁ አጋሩት።